ከጓሮ መውጣት የሌለበት ቆሻሻ



ጋባዦቼ እዚህ አሶሳ የሰጡኝ ርዕስ «ጽዱ ከተማ» የሚል ነው። በደስታ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ዛሬ ስለ ጎዳና ጠረጋና ስለ ዘመቻ ብዙ አልናገርም። ዘመቻ ብዙ ጊዜ ወጥተናል፤ ቦይ ጠርገናል፣ ፌስታል ለቅመናል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ቦዩ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ከመንገዱ አስወጥቼ ወደ ማድ ቤታችን ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነውና።

የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ እየደጋገምኩም እናገረዋለሁ። ቆሻሻ ውጭ ወጥቶ የሚያስቸግረን ቤት ውስጥ እያለ ስለምንቀላቅለው ነው። እርጥቡን ከደረቁ ብንለይ ግማሽ የሚሆነው ከግቢያችን መውጣት እንኳ አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ቆሻሻችን ምን እንደሆነ አብረን እናያለን። ከዚያ ስለ እርጥቡ፣ ቀጥሎ ስለ ደረቁ፣ በመጨረሻም ስለምናቃጥለውና ስለ ሕጉ እናገራለሁ።

እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ የምታዩት የማዳበሪያ ከረጢት ከራሴ ቤት የመጣ ነው። የሳምንት ቆሻሻ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልፈታው ነው፤ ይሸታል። ሽታው የትምህርቱ አካል ነው።

ከላይ የማንጎ ልጣጭ አለ፤ ከሥሩ ፍሬው፣ እንዳለ ከነጭረቱ። ይህ የቡና አተላ ነው። ይህ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ይህ የባሚያ ጫፍ፣ ይህ የሻገተ እንጀራ። ይህ ደግሞ የምድጃ አመድ ነው፤ በፌስታል ታስሮ ነው የተጣለው። አሁን ይህችን ባዶ ፌስታል ላንሳት። ከገበያ ቲማቲም ይዛ የመጣች ናት። ቲማቲሙን ከሻጯ እጅ እስከ ቤታችን ለማድረስ ሩብ ሰዓት እንኳ አላገለገለችም። አሁን አተላና የማንጎ ውኃ ተለውሶባታል። ማንም አያጥባትም፣ ማንም አይገዛትም። ይህ ካርቶን ሲጣል ደረቅ ነበር፤ አሁን እንደምታዩት በእጄ ላይ ይበጣጠሳል። ይህ ሃይላንድ ንጹሕ ነበር፤ አመድና ዘይት ገብቶበታል። ይህ የተጠቀለለው የሕፃን ዳይፐር ነው፤ አልፈታውም። እነዚህ ሁለቱ የባትሪ ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱ ዝጎ ማልቀስ ጀምሯል።

ይህንን ደግሞ በጥንቃቄ ነው የማነሳው። ምላጭ ነው። ከማንጎው ልጣጭ መሐል ነው ያገኘሁት። የጽዳት ማኅበር እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ማለዳ ማለዳ በባዶ እጅ ወይም በተቀደደ ጓንት የምትገቡበት ነገር ይህ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ወለሉ ላይ ከዘረጋሁት ነገር ውስጥ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ቆሻሻ የሚባል ጥቂት ነው። ልጣጩ ለብቻው ቢሆን ማዳበሪያ ይሆናል። አመዱ ለብቻው ቢሆን ለመሬት መድኃኒት ነው። ካርቶኑ፣ ቆርቆሮው፣ ሃይላንዱ ደርቀው ቢቀመጡ ፈላጊ አላቸው። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ስናስር ግን ሁሉም ዋጋ አጣ፤ ሁሉም ሸተተ፤ ሁሉም አደገኛ ሆነ።

ስለ መጠኑም ጥቂት ልበል። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች አንድ ሰው በቀን በአማካይ 0.46 ኪሎ ቆሻሻ ይጥላል። ስድስት ሰው ያለበትን ቤት አስቡ። በቀን ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ፣ በዓመት 10 ኩንታል ያህል ይሆናል። በአገራችን ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ደግሞ ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ መሆኑን ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ቤት ብቻ እርጥቡን በግቢው ቢያስቀር በዓመት 5,000 ኩንታል ያህል ጋሪ ላይ አይጫንም፣ መኪና ላይ አይወጣም፣ ከከተማ ዳርም አይደፋም።

ይህን ሳይለይ እየደፋ የኖረ ከተማ ምን እንደሚደርስበት በአገራችን አይተናል። አዲስ አበባ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻዋን ቆሼ ላይ ስትከምር ኖራለች። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አጠገብ ዘመናዊ የተባለ ማስወገጃ ተከፈተ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና ወደ ውኃቸው የሚሰርገውን ፍሳሽ በመቃወማቸው ሥራው ቆመ። መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አገር ሐዘን ተቀመጠ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቆሻሻን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እርጥብ ቆሻሻ በየትኛውም አገር እሳት አይወድም፤ የሚሰጠው ሙቀት ውኃውን በማትነን ያልቃል። የተቀላቀለ ቆሻሻ በጣም ውድ የሆነውን መሣሪያ እንኳ ያስቸግራል።

አሶሳ አዲስ አበባ አይደለችም ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ተስፋዬም ያለው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ልጣጯን የምትቀብርበት አንድ ክንድ መሬት የላትም። እኛ አለን። አብዛኞቻችን ጓሮ አለን፤ ብዙ ግቢ ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ከሥሩም ባሚያና በቆሎ፣ ጎመንና ዱባ ይተከላል። በከተማው ዙሪያ ባሉት አምባዎች የምትኖሩትማ የምታርሱት መሬት በራችሁ ላይ ነው። ትልልቅ ከተሞች በገንዘብ ሊገዙት የማይችሉት ነገር በእጃችን አለ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ስለ እርጥቡ። ረዘም አድርጌ የምናገረውም ይህንኑ ነው።

የአሶሳ አፈር ቀይ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚወርደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን ከላዩ አፈር እያጠበ ይወስደዋል፤ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንደሚጠቀሰው ከአገራችን የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው። በምዕራቡ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ይብሳል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተጣለ የፋብሪካ ማዳበሪያ፣ በተለይ ፎስፈረሱ፣ አፈሩ ይይዘውና ተክሉ አይደርስበትም። ገንዘብ ከፍለን የገዛነው እዚያው ይቀራል ማለት ነው። አሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ከተማችን አለ፤ ገበሬ የሆናችሁ ስለ አፈራችሁ ለመጠየቅ ሩቅ አትሄዱም።

ለአሲዳማ አፈር ሁለት ነገር ይረዳል። አንዱ ኖራ ነው፤ ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋ አለው። ሌላው ብስባሽ፣ ማለትም ኮምፖስት ነው። ብስባሽ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውኃ ያስይዘዋል፣ ሥርን የሚመርዘውን አሉሚኒየም ይይዛል። የእንጨትና የከሰል አመድ ደግሞ በራሱ እንደ ኖራ ያገለግላል፤ ካልሲየምና ፖታሺየም አለው። አሁን ይህን በፌስታል የታሰረ አመድ እንደገና ተመልከቱት። መሬታችን የሚራበውን ነገር በፌስታል አስረን፣ ገንዘብ ከፍለን፣ ከከተማ ውጭ እናስጥላለን።

ታዲያ እንዴት እናድርግ? ነገሩ ከባድ አይደለም። ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። በክረምት ጉድጓድ ውኃ ይሞላልና ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል፤ በቀርከሃ አጥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ብታጥሩት ይበቃል። ከሥር ጭራሮና የበቆሎ አገዳ ይነጠፍ። በላዩ የማድ ቤቱ ልጣጭና አተላ፤ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፤ በላዩ ጥቂት አፈር ወይም የከብት ፋንድያ። ደረቁ ከእርጥቡ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሁን። የሚሸተው ደረቅ ሲያንሰው ነው፤ ሽታ ከመጣ ቅጠል ጨምሩበት። እርጥበቱን ለማወቅ ከመሐሉ ዘግናችሁ ጨብጡት፤ በጣታችሁ መሐል ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከበነነ ደርቋል። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። መሐሉ እጅ የማያስቆይ ሙቀት ይኖረዋል፤ አትደንግጡ፣ የአረምን ዘርና የበሽታን ተዋሕስያን የሚገድለው ያ ሙቀት ነው። በሦስት በአራት ወር ጥቁር፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል። ሥጋ፣ ቅባት የበዛበት ወጥ፣ ዳይፐርና የታመመ ተክል አትጨምሩበት። ክምሩ ላይ አመድ ስስ አድርጎ መነስነስ ይቻላል፤ የቀረውን ግን በደረቅ ዕቃ አቆዩትና መሬቱን ስታዘጋጁ በትኑት። ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ከሆነ ግን ጓሯችሁ እንዳይደርስ።

አንድ ጥያቄ ከወዲሁ እሰማለሁ፤ «ምስጡስ?» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ እዚህ አገር ምስጥ የማይበላው የለም፤ የቤት ምሰሶ ይበላል፣ የማንጎ ችግኝ ይበላል። ምስጥን የሚጋብዘው ግን ደረቅ ሆኖ ሳይነካ የቆየ ገለባና እንጨት ነው። እርጥበቱ ተጠብቆ በየጊዜው የሚገላበጥና የሚሞቅ ክምር አይመቸውም። ያም ሆኖ ክምሩን ከቤት ግድግዳ ጥቂት እርምጃ አርቁት፤ ጥንቃቄ አይከፋም።

ማንጎን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ወቅቱን ታውቁታላችሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ማንጎ በየመንገዱ ዳር ይከመራል፤ ገበያው ሲሞላ ዋጋው ይወድቅና የሚለቅመው ያጣል፣ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ከዛፍ ሥር የወደቀ ማንጎ የፍራፍሬ ዝንብ መራቢያ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን ፍሬው ውስጥ ትጥላለች፤ ትሉ ሥጋውን በልቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ዝንብ ሆኖ ይወጣና በዛፉ ላይ ያለውን ይወጋል። ስለዚህ የበሰበሰ ማንጎን ከጎረቤት አጥር ሥር መጣል ጽዳትን ብቻ ሳይሆን ምርታችንንም ይጎዳል። የወደቀውን በየቀኑ ሰብስቡ። ትል የገባበትን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ አፈሩንም ጠቅጥቁት፤ ከላይ ከላይ የተሸፈነ ከሆነ ዝንቡ ወጥቶ ይሄዳል። ጤነኛውን ልጣጭ ወደ ክምሩ ውሰዱት። ፍሬው ከነሽፋኑ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሰንጥቃችሁ ጣሉት፣ ወይም ለችግኝ አቆዩት።

ስለ በዓል ዕርድም ሳልናገር አላልፍም። በአረፋ፣ በፋሲካ፣ በመስቀል ሰፈራችን በአንድ ቀን ብዙ በግና ፍየል ያርዳል። ድሮ ቆዳው በዚያው ቀን ገዢ ነበረው፤ በየበሩ እየዞሩ ይገዙት ነበር። አሁን ዋጋው በመውደቁ በየከተማው ቆዳ መንገድ ላይ ተጥሎ ይታያል፤ በሁለተኛው ቀን ውሻ ይጎትተዋል። ፈርሱ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ክምሩ መሐል ቅበሩት። ቆዳውን ግን እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሊያድነው አይችልም። ጨው ተነስንሶበት በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ ብዛቱ ነጋዴ ይጠራል። ይህን ከበዓሉ በፊት ተነጋግሮ የሚያዘጋጅ ከመስጊዱም፣ ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከዕድሩም ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ መጣሁ፤ ስለ ደረቁ።

ኢትዮጵያዊ ዕቃ መልሶ የመጠቀም ትምህርት የሚጎድለው ሕዝብ አይደለም። ቆራሌው ከደጃችን እየጮኸ ያለፈበትን ዘመን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ዛሬም አለ። ልዋጭ የሚሉ እናቶች አሮጌ ልብስ ተቀብለው የፕላስቲክ ሳህን ይሰጣሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው በርሜል ምጣድ፣ ጎማ ባልዲ ሲሆን አይቷል። ከጎማ የተሠራ በርባሶ ስንቱን ገበሬ አስኬዷል! የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ከነሳጥኑ የሚመለስበት ሥርዓትም ማንኛውንም አገር የሚያስቀና ነው፤ መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ጠርሙሱን ስትመልሱ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ። ጠርሙስ ቦይ ውስጥ የማይጣለው ለዚህ ነው፤ ዋጋ ስላለው። በየቦያችን የምናየው ያ ዋጋ የሌለው ሃይላንድና ፌስታል ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። አሶሳ ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፕላስቲክ ጠርሙስን ፈጭተው እንደገና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ያሉት እዚያ አካባቢ ነው። ባዶ ሃይላንድ ደግሞ አየር ነው፤ አንድ መኪና ሙሉ ብትጭኑት ክብደቱ የነዳጅ ዋጋ አይከፍልም። ስለዚህ «ሰብስበን እንሸጣለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሚያዋጣው ተጨፍልቆና ታስሮ፣ በብዛት ተጠራቅሞ፣ ወደ መሐል አገር ባዶውን በሚመለስ መኪና ሲጫን ነው። ለዚህ መጋዘንና መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ አንድ የወጣቶች ማኅበር ብቻውን አይችለውም። ከተማው ቦታ፣ ማኅበሩ ጉልበት፣ ነጋዴው መኪና ካዋጡ ግን ይቻላል። ቤታችን ውስጥ የሚጠበቅብን ቀላል ነው። ሃይላንዱን አፍስሱ፣ ጨፍልቁ፣ ክዳኑን መልሱ፣ በደረቁ ከረጢት ክተቱ። ካርቶንና ቆርቆሮም እዚያው። የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ለብቻ። የባትሪ ድንጋይ በሌላ ዕቃ። የመኪናና የሶላር ባትሪ በፍጹም ግቢ ውስጥ እንዳይሰበር፤ ውስጡ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ አሲዱም ያቃጥላል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና መርፌ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያን ጠይቃችሁ የምታስረክቡት ነው። ዳይፐር ታስሮ ለሰብሳቢዎቹ ይሰጥ፤ ሽንት ቤት ከገባ ጉድጓዱን ይደፍነዋል።

ከመሸጥ ይልቅ ግን የሚያዋጣን መቀነስ ነው። ርቀቱ የሚያስተምረን ይህንን ነው። ፋብሪካ አጠገብ ያለ ከተማ ብዙ ፕላስቲክ ገዝቶ ብዙ ሊመልስ ይችላል፤ እኛ ግን አንዴ የገባ ፌስታል እዚሁ ይቀርብናል። ፌስታል ቦይ ይደፍናል፤ ውኃው ይተኛል፤ የተኛ ውኃ ላይ የወባ ትንኝ ትራባለች። ወባ በክልላችን ስንት ቤት እንደሚያንኳኳ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከብት ፌስታል ይበላል፤ ጨጓራው ውስጥ ይጠቀለላል፣ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ እንስሳው ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል። የቀረውን ጎርፉ ይወስደዋል። አብዛኛው የክልላችን ውኃ ደግሞ የሚወርደው ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያለው በክልላችን፣ ጉባ ላይ ነው። አገር በሙሉ ያዋጣበትን ውኃ ንጹሕ አድርጎ የማቆየት ኃላፊነት ከሁሉ በፊት በላይኛው ዳር ያለን የእኛ ነው።

ታዲያ በፌስታል ፋንታ ምን እንያዝ? ዘንቢል። ቅርጫት። የአገራችን ቆላ ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ ያለው በእኛ ክልል ነው። ቀርከሃውን አጥር፣ ጎጆ፣ አልጋ አድርገነዋል። የጉሙዝ እናቶች በትከሻቸው ባጋደሙት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ገበያ ሲወጡ ያየ ሰው፣ ዕቃ ለመያዝ ፌስታል ግዴታ እንዳልሆነ ይገባዋል። የቀርከሃ ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች እዚህ ካላችሁ፣ ለገበያ የሚመች፣ ቀላል፣ እጀታ ያለው ቅርጫት በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ አውጡልን። ነጋዴዎችም ቅርጫት ይዞ ለመጣ ደንበኛ ምርቃቱን ጨምሩለት።

አራተኛው፣ ስለ ጭስ ነው።

በብዙ ከተሞቻችን ኅዳር 12 ቀን ሲነጋ ሰፈሩ በጭስ ይሞላል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው፤ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ኢንፍሉዌንዛው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጽኑ ታመው ነበር። ሕዝቡ ቆሻሻውን ጠርጎ አቃጠለ። ያ ሐሳብ ክቡር ነው፤ ቤትን ከደዌ ማንጻት ነው። ያኔ የተቃጠለው ግን ገለባ፣ ቅጠል፣ እበትና ጨርቅ ነበር። ዛሬ እዚያው እሳት ውስጥ ፌስታል፣ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ዳይፐር እንጨምራለን። ፕላስቲክ በሜዳ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ካንሰር ያመጣል፣ ከአፈርና ከከብት ወተት ውስጥ ቶሎ አይጠፋም። ጭሱን መጀመሪያ የሚተነፍሰው ደግሞ እሳቱን የሚቆሰቁሰው ልጅ ነው። አያቶቻችን በሽታን ለማባረር የጀመሩትን ሥራ እኛ በሽታ ለመጥራት ልናደርገው አይገባም። ኅዳር 12ን አንተወው፤ ግቢያችንን እንጥረግበት፣ ደረቅ ቅጠሉን ወደ ክምሩ እንክተትበት፣ ፕላስቲኩን ለይተን ለሰብሳቢዎቹ እናስረክብበት። ኅዳር ዝናቡ ያቆመበት፣ ቅጠሉ መርገፍ የሚጀምርበት ወር ነው፤ ለብስባሽ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ሕጉንም ላስታውሳችሁ፣ ባጭሩ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባም ገድቧል። ብዙዎቻችን አልሰማንም፤ የሰማነውም አልፈጸምንም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን ከልክሏል፤ የሚያመርተውን፣ የሚሸጠውንና ይዞ የሚገኘውንም ይቀጣል። ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኪጋሊ ዛሬ በጽዳቷ ትጠቀሳለች። ስለዚህ መከልከሉን እደግፋለሁ። ነገር ግን ጎመን ዘርግታ በምትሸጥ እናት ላይ ቅጣት ከመጀመሩ በፊት ቅርጫቱ ገበያ ላይ መገኘት አለበት፤ ይህን ኃላፊነት ያለባችሁ የከተማው አመራሮች እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንዶች። ቆሻሻ መለየት ሥራ ነው። «ሴቶች ሆይ፣ ለዩ» ብለን ከዚህ አዳራሽ ብንወጣ፣ እናቶችና እህቶች ላይ ሌላ ሸክም ጨመርን እንጂ ምንም አልሠራንም። ክምሩን ማገላበጥ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ አጥሩን ማጠር የእኛ ይሁን። ሲጋራ የሚያጨስ ቁራጩን፣ ጫት የሚቅም ገራባውንና ፌስታሉን ራሱ ያንሳ።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከተማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አንጀምር። ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰፈሮች ይምረጡ። በየቤቱ ሁለት ዕቃ ይኑር፤ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። የጽዳት ማኅበሩ ከእነዚህ ሰፈሮች ደረቁን ብቻ፣ በታወቀ ቀን ይውሰድ። ደረቅ ብቻ የሚሰጥ ቤት የሚከፍለው ወርኃዊ ክፍያ ይቀንስለት፤ ጓሮ የሌለው ተከራይ ደግሞ እርጥቡን ከጎረቤት ክምር ላይ ይጨምር። ከኅዳር ብንጀምር የመጀመሪያው ብስባሽ ለመጋቢት ይደርሳል፤ ማንጎው ሲመጣም ክምሩ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ከጥያቄያችሁ በፊት ድምፅ ማጉያውን ለጽዳት ማኅበሩ አባላት መስጠት እፈልጋለሁ። የየትኛው ሰፈር ከረጢት እንደሚከብድ፣ ብርጭቆ የሚበዛው ከየት እንደሆነ፣ ጋሪው የማይገባበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። እቅዱንም ከእነርሱ ጋር ነው ማውጣት ያለብን። እህቴ፣ እባክሽ ወደ መድረኩ ነይ፤ ከምላጩ ጀምሪልን።